ኤምባሲ አልጋ አይለካም

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ስታዲየም አካባቢ ያለውን አስፋልት ሞልቶት ሰው ሁሉ በየበረንዳው ተጠልሏል። አንዲት ደንበኛችን ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ወደምሠራበት የጉዞ ወኪል ቢሮ ገቡ። ወንበር ብስብላቸው አልተቀመጡም። ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ፓስፖርትና ወረቀት ወደ ጎን ገፋ አደረጉና ክንዳቸውን ዘረጉ። ከአንዱ ጫፍ ጀምረው ለኩ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት ክንድ። የቀረውን በጣታቸው ሞሉት፤ አራት ጣት ሆነ።

«ይኸው፣ ይህችን ታክላለች» አሉኝ። «አንተ እዚህ ላይ ከእህትህ ጋር ትተኛለህ?»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ተማሪ ጠይቀው መልስ እንደሚጠብቁ ሁሉ ዝም ብለው አዩኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህታቸው ፓሪስ የሚማር ልጅ አላቸው። ሊመረቅ ሆነና ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ሊሄዱ ወደ ቢሯችን መጡ። በእኛ ሥራ የቪዛ ቡኪንግ የሚባል ነገር አለ። ወደ ፈረንሳይና ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ሲያመለክቱ ማደሪያ የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። እኛም ርካሹን፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ሆቴል እንይዛለን። ቪዛው ሲወጣ ብዙው ደንበኛ ዘመድ ቤት ያርፋል፣ ቡኪንጉም ይሰረዛል። እነሱ ግን እዚያው ሊያድሩ ነበር። ልጁ ያለው የተማሪ ክፍል ውስጥ ነው፤ እንግዳ አይችልም። ይህን ነግረውኛል። የእህታቸው ጉልበት እንደሚያማቸው፣ ሌሊት ሦስት አራቴ እንደሚነሡም ነግረውኛል። ሰምቻለሁ። ቡኪንጉን ግን መለስ ብዬ አላየሁትም።

የያዝኩት «ደብል» ነበር። ደብል ስንል ለሁለት ሰው ማለታችን ነው፤ አልጋው ስንት እንደሆነ አንጠይቅም። ፈረንሳይ ውስጥ የድሮና የትንንሽ ሆቴሎች ደብል ማለት ብዙ ጊዜ 140 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው አንድ አልጋ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 70 ሳንቲሜትር ይደርሰዋል፤ የሕፃን አልጋ ያህል ማለት ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ ሌላ ነው። እዚያ ደብል ሲባል ብዙውን ጊዜ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ይሆንና ለየራስ ብርድ ልብስ ይሰጣል። ፓሪስ ላይ ግን ሁለት አልጋ የፈለገ ሰው «ትዊን» ብሎ ማስያዝ አለበት። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አውቀው ነበር።

ሁለተኛው ጥፋቴ ሰዓቱ ነው። በረራው ከአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነሥቶ ጠዋት ፓሪስ ያደርሳል። ክፍል የሚሰጠው ደግሞ በፈረንጅ 15 ሰዓት ነው። ቲኬቱን ሳስረክባቸው «እዚህ ላይ የተጻፈው ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ትንሽ ቆይቼ እኔው ራሴ «ክፍሉን 9 ሰዓት ይሰጧችኋል» አልኩ። በእኛ ሰዓት መቁጠሬ ነው። እሳቸው መጀመሪያ የነገርኳቸውን ይዘው ሄዱ። ጠዋት የሆቴሉ ሰዓት 9 ሲል ሻንጣቸውን ይዘው እንግዳ ተቀባዩ ፊት ቆሙ። ገና ስድስት ሰዓት ይቀራል አላቸው። መግቢያው ላይ ሁለት የእንጨት ወንበር ነበር። ሌሊቱን አውሮፕላን ላይ የተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች ቀኑንም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ያለፈውን ሌሊት ጨምሬ ብይዝላቸው ኖሮ እንደ ደረሱ ይገቡ ነበር። ቢያንስ ቀደም ብለው እንዲያስገቧቸው ለሆቴሉ ሁለት መስመር ብጽፍ ምን ነበረበት?

ቀኑ ሰኔ 14 ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁን 21። ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ በዚህ ቀን ፈረንሳይ ውስጥ የሙዚቃ በዓል ይከበራል። ባንዱ ሁሉ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ሕዝቡም እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ውጭ ነው። ፀሐይዋ ራሷ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ክፍላቸው በመንገድ በኩል ነበር። ኤሲ የለውም። መስኮቱን ሲከፍቱት ከበሮው ይገባል፣ ሲዘጉት ይታፈናሉ። ታናሽየው አልጋውን ለእህታቸው ለቀው እግራቸውን ሻንጣ ላይ ሰቅለው ወንበር ላይ አደሩ። እህታቸውም ታናሼ ወንበር ላይ ሆና እንዴት ይወስደኛል ብለው ሳይተኙ ነጋ።

በማግስቱ ምርቃቱ ነው።

ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አሳዩኝ። ልጁ በሩቅ መድረክ ላይ ቆሟል። ከፊት፣ በፎቶው ጥግ፣ እናቱ አሉ። ጥለት ያለው ነጠላ ለብሰዋል፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ዓይናቸው ተዘግቷል።

«ስሙ ሲጠራ ተኝታ ነበር» አሉኝ። «ልቀሰቅሳት ብዬ እጄን ሰደድኩና አሳዘነችኝ። ተውኳት። አሁን እሱም ይቆጨኛል።»

ገንዘብ ይመለስልኝ አላሉም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ጃንጥላቸውን አነሡና ወጡ። ከወጡ በኋላ ከመሳቢያዬ ሜትር አውጥቼ ጠረጴዛውን ለካሁት። ልክ 140 ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ካልኩሌተሩ ላይ እንዳቀረቀረ «ለቪዛ የተያዘ ሆቴል ነው፣ ቪዛው ወጥቷል» አለኝ። «ኤምባሲ አልጋ አይለካም።» ከዚያ ወደ ሂሳቡ ተመለሰ። ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ትክክል ስለሆነች ነው የምታናድደኝ። ኤምባሲ አልጋ አይለካም። እኛም ስላልለካን ሁለት ሴቶች ሄደው ለኩት።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ የምጠይቀው ጥያቄ ጨምሯል። ከማን ጋር ነው የሚተኙት? ሌሊት ይነሣሉ? ደረጃ ይወጣሉ? ይሄኛው በተለይ ለለንደን ነው፤ የድሮ መኖሪያ ቤቶች የነበሩ ብዙ ትንንሽ ሆቴሎች ሊፍት የላቸውም። ለፓሪስ ከሆነ በጓሮ በኩል ያለ ክፍል እንዲሰጡልኝ እጽፋለሁ። የድሮዎቹ ሕንፃዎች መሐላቸው ግቢ አላቸው፤ ወደዚያ የሚያይ መስኮት የመንገድ ጫጫታ አይደርስበትም። አለቃዬ ሰልፉን እያየ «ደንበኛ ታዘገያለህ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አዘገያለሁ። አንዳንዱም ስለ አልጋው ምን አገባህ ብሎ ይቆጣኛል።

ባለፈው ሁለት ጓደኛሞች መጡ። ነርሶች ናቸው፣ ለአምስት ቀን ፓሪስን ሊያዩ። እንደ ልማዴ ጠረጴዛውን አሳየኋቸው። «አልጋው ይህን ያህል ነው፣ ሁለት አልጋ ያለውን ልያዝላችሁ» አልኳቸው። ዋጋውን ነገርኳቸው። ልዩነቱን በብር መታሁላቸው። ተያዩ። አንደኛዋ ጠረጴዛውን በስንዝሯ ለካች፣ ጓደኛዋን አየቻት፣ እንደገና ለካች።

«እንችላለን» አለችኝ። «ሌሊት ሥራ ላይ ከዚህ በጠበበ አልጋ ተኝተን እናውቃለን።»

ደብሉን ያዝኩላቸው። ለሆቴሉ ግን በጓሮ በኩል እንዲሆን ጻፍኩ።