የ1972 ኤምጂቢዬን ኢግኒሽን እንዴት ኤሌክትሮኒክ እንዳደረግኩት

መኪናዬ የ1972 ኤምጂቢ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። እንግሊዝ አገር አቢንግደን የተሠራ፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ 1798 ሲሲ ሞተር ያለው ስፖርት መኪና። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አየሩ ጥሩ ሲሆን ነው የምነዳው። ኢግኒሽኑ፣ ማለትም ነዳጁን በእሳት የሚያቀጣጥለው ክፍል፣ ከፋብሪካ የወጣው በፖይንት ነው። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳት አከፋፋዩ) ውስጥ ሁለት ትናንሽ ብረቶች ተነካክተው ሲለያዩ ኮይሉ፣ የባትሪውን ትንሽ ቮልት የሚያባዛው ዕቃ፣ እሳት ይሰጣል፣ እሳቱም ተራ በተራ ወደ ካንዴላዎቹ ይሄዳል። ቻርልስ ኬተሪንግ ይህን ዘዴ ለ1910 ካዲላክ ካቀረበው ወዲህ መሠረቱ ሳይለወጥ ከ60 ዓመት በላይ ሠርቷል።

ፖይንቱን በኤሌክትሮኒክ ሞጁል፣ ማለትም የሚነካካ ብረት በሌለው ትንሽ መሣሪያ፣ የቀየርኩት ንቄው አይደለም። በደንብ የተስተካከለ ፖይንት ይህን ሞተር አሳምሮ ያሠራዋል። ችግሩ ማለቁ ነው። ፖይንቱን የሚከፍተው ትንሽ ተረከዝ ዘንጉ ላይ ሲፋተግ ይበላል። ያን ጊዜ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል። ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ነጂው ልብ አይለውም፤ መኪናው ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስለዋል። ፖይንቱ ሲከፈት እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ኮንደንሰርም ሌላ ጣጣ ነው። አሁን ከሚሸጡት መካከል ገና ከካርቶን ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ የሚሞቱ አሉ። እኔ ደግሞ አውራ ጎዳና ዳር መቆም አልፈልግም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የማከብራቸው አባት አሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ፊያትና ቮልስ ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። «ጋሼ፣ ጥሩ ኮይል ይጠቁሙኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ኮይሉ ይቆይ። መጀመሪያ አሁን ያለው ኮይል ጋ ስንት ቮልት እንደሚደርስ ለካ» አሉኝ።

ለካሁ። ቁልፉን ከፍቼ፣ ፖይንቱ በተዘጋበት፣ ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት ነበር። ኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ 10.9 ብቻ። አንድ ቮልት ተኩል መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ነጩን ሽቦ ከኮይሉ ወደ ኋላ እየተከተልኩ በየመገጣጠሚያው ለካሁ። አብዛኛው የጠፋው ሽቦ ከሽቦ በሚያያዙት የጥይት ቅርጽ ያላቸው ማገናኛዎች ላይ ነው። አንዱን ስነቅለው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ነበር፤ ብረቱ ሲታይ የለም። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጸዳኋቸው፤ የላሉትን በአዲስ ቀየርኩ። ኮይሉ ላይ የሚደርሰው ወደ 12 ተጠጋ። ምንም አዲስ የእሳት ዕቃ ሳልገዛ መኪናው ጠዋት ቶሎ መነሳት ጀመረ። ከሥራው ሁሉ ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ኮይሉ። ካርቶኑ ላይ «40,000 ቮልት» የሚል ተጽፎ ታያላችሁ። ቁጥሩ ያማልላል። ግን ኮይል ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ ካንዴላው የጠየቀውን ነው የሚሰጠው። ልክ እንደ ግድብ ነው። ውኃው እስከ ግድቡ አፍ ይሞላል፣ አፉ ጋ ሲደርስ ይፈሳል፤ ከዚያ በላይ ከፍ አይልም። ካንዴላው ላይ ያለውን ክፍተት ለመዝለል 12,000 ቮልት ከበቃ፣ 12,000 ላይ እሳቱ ይዘላል፣ ቮልቱም ከዚያ አያልፍም። የቀረው አቅም ተጠባባቂ ነው። ካንዴላው ሲያረጅ ወይም ክፍተቱ ሲሰፋ ይጠቅማል እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ኮይል ስትገዙ ማየት ያለባችሁ ቁጥር ኦሙ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞው፣ ነው። ለሂሳቡ 12 ቮልት እንያዝ። በ3 ኦም ኮይል ሲያልፍ 4 አምፔር ነው። በ1.5 ኦም 8 አምፔር ይሆናል። በ0.6 ኦም ደግሞ 20 አምፔር! ይህን ፖይንት አይችለውም። ተራ ሞጁልም ይቃጠላል። ዝቅተኛ ኦም ያላቸው ኮይሎች የሚሠሩት ከነሱ ጋር ታስበው ለተሠሩ፣ የኮይሉን የመሙያ ጊዜ ራሳቸው ለሚቆጣጠሩ ሞጁሎች ነው። የገዛሁት ሞጁል መመሪያ ለአራት ሲሊንደር 3 ኦም ይላል። የድሮው ኮይሌን ስለካው 3.2 ሆነ። ስለዚህ ለሞጁሉ ሲባል ኮይል መቀየር ግድ አልነበረም። የቀየርኩት አሮጌው አናቱ ላይ ስንጥቅ ስላገኘሁበት ነው፤ አዲሱም 3 ኦም ነው። ስትለኩ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አስቀድማችሁ አነካኩና የሚያሳየውን ቀንሱ፤ በዚህ ትንሽ ልኬት ላይ ልዩነት ያመጣል። የኋለኞቹ ኤምጂቢዎች፣ ጥቁር የጎማ መከላከያ ያላቸው፣ በሽቦው ውስጥ ተጨማሪ ሬዚስተር አለባቸውና ኮይላቸው 1.5 ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ነው ዕቃ የሚያቃጥለው።

መግጠሙ ቀላል ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን፣ ከዚያ ሮተሩን (እየዞረ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለውን ክፍል) አነሳሁ። የድሮዎቹን ፖይንቶች በብርሃን ሳያቸው አንዱ ፊት ላይ ትንሽ ጉድጓድ፣ ትይዩው ላይ ያንኑ የምታክል ጉብታ ነበር። ፖይንቱንና ኮንደንሰሩን በአጭር ካቻቪቴ ፈታሁ። የሞጁሉ ሴንሰር በነሱ ቦታ ይቀመጣል፤ ማግኔት ያለበት ቀለበት ዘንጉ ላይ ይገባል፤ ሮተሩ ከላይ ይመለሳል። ቀዩ ሽቦ ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጋቲቭ። አንድ ነገር ግን እንዳያመልጣችሁ። ሴንሰሩ የሚታሰርበትን ሳህን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የሚያገናኝ አጭር፣ የተጎነጎነ ሽቦ አለ። ቫኪዩሙ (በሞተሩ የአየር ስበት የእሳቱን ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍል) ሳህኑን በሳበው ቁጥር ስለሚተጣጠፍ በውስጡ ይበጠሳል። የእኔ በጥቂት ክሮች ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። እሱን ሳይጠግኑ ሞጁል መግጠም ትርፉ ድካም ነው።

ቫኪዩሙንም ቱቦውን በአፌ ስቤ ሞከርኩት። ሳህኑ ከተንቀሳቀሰና ትንፋሼን ይዤ እዚያው ከቆየ ደህና ነው።

የእሳቱ ሰዓት ከሞጁል በኋላ እንደ አዲስ መስተካከል አለበት፤ ሴንሰሩ የሚተኩስበት ቦታ ከፖይንቱ ጋር አይገጥምም። ልዩነቱን በዓይኔ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ድሮ የታይሚንግ መብራቱን (ከእሳቱ ጋር ብልጭ የሚለውን መብራት) ፑሊው ላይ ሳበራ ነጩ ምልክት ወዲያ ወዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ምልክቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በ6,000 ዙር ይህ ሞተር በሴኮንድ 200 ጊዜ እሳት ይፈልጋል። እያንዳንዱ እሳት በየ5 ሺኛ ሴኮንድ መምጣት አለበት ማለት ነው። ሰዓቱን ጠብቆ መምጣቱ ከጉልበቱ ይበልጣል።

ውጤቱስ? የፈረስ ጉልበት አልጨመረም። ሚኒሞው ግን ለሰለሰ፣ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ሞተሪኖው ትንሽ ዞር እንዳለ ይነሳል፣ ከፍ ባለ ዙር የነበረው መቆራረጥም ጠፋ። የካንዴላውን ክፍተት ከ0.64 ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር አሰፋሁት።

የሮተር ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አንዳንድ ርካሽ ሮተሮች ናሱን የሚይዝ ምስማር አላቸው። እሳቱ በምስማሩ በኩል ፕላስቲኩን በስቶ ወደ ዘንጉ ይወርዳል፤ መኪናው ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጥ ይላል። ምስማር የሌለውን ግዙ። የካንዴላ ገመዱም ውስጡ ተራ መዳብ መሆን የለበትም። የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ሞጁሉን ያሳብደዋል፤ ረብሻ የሚቀንሰውን ዓይነት ተጠቀሙ።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ሆኖ ሬዲዮ ማዳመጥ ክልክል ነው። ኮይሉም ሞጁሉም እየጋሉ ይቆያሉ፤ መቆጣጠሪያ የሌላቸው ቀላል ሞጁሎች በዚህ ይሞታሉ። የ1967 እና ከዚያ በፊት የተሠራ ኤምጂቢ ያላችሁ ደግሞ የባትሪው ፖዘቲቭ ከቦዲው ጋር የታሰረ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞጁሉን ለዚያ የተሠራውን ዓይነት እዘዙ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ለምትነዱም ነገሩ ያው ነው። አራት ሲሊንደር ነው፣ ፖይንት ነው። መጀመሪያ መኪናው 6 ቮልት ወይስ 12 መሆኑን አረጋግጡ፤ የድሮዎቹ 6 ናቸው። ለትልቅ ኮይል ገንዘብ አታውጡ። በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊትም ያንሳል፣ እሳቱም ለመዝለል የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል። ያወጣችሁትን ፖይንት፣ ኮንደንሰርና አንድ ሮተር በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከካቻቪቴ ጋር መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ሞጁል ሲሞት መንገድ ላይ አይጠገንም፤ ፖይንቱን ግን ባላችሁበት መልሳችሁ ገጥማችሁ ቤት ትገባላችሁ።