ሆሬ ዲማ፦ በእግር ወደ አንድ ወንዝ ራስ

ሆሬ በፑላር፣ በጊኒ ፉላኒዎች ቋንቋ፣ ራስ ማለት ነው። ዲማ ደግሞ እነሱ የጋምቢያን ወንዝ የሚጠሩበት ስም ነው። ሆሬ ዲማ፣ የዲማ ራስ። እኛ ምንጭ የምንለውን እነሱ ራስ ይሉታል። ስሙን ካርታ ላይ ካየሁት ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም።

ነገሩ የጀመረው ሰከላ ላይ ነው። ግሽ ዓባይ ሄጄ ያቺን ትንሽ ውሃ በዓይኔ ካየሁ ወዲህ፣ የትም አገር ወንዝ ስሻገር መጀመሪያ የምጠይቀው ከየት እንደሚነሳ ነው። የጊኒ ደጋ ፉታ ጃሎን ደግሞ የወንዞች አገር ነው። ጋምቢያ ከዚያ ይነሳል። የሴኔጋል ወንዝ ዋናው ክንድ ባፊንግም ከዚያው ነው። ወደ ኒጀር የሚገባው ቲንኪሶም እንዲሁ። የምዕራብ አፍሪካ የውሃ ማማ ይሉታል። አገሬ የምሥራቁ ማማ ናት ሲባል እየሰማሁ ስላደግኩ፣ ሳላየው ቀረብኩት።

የሄድኩት ጥር ላይ ነው። ያኔ ዝናብ የለም፤ መንገዱም አያንሸራትትም። ዋና ከተማው ኮናክሪ ሁለት ቀን ቆየሁ። ሙቀቱና ወበቁ ስለከበደኝ ብዙም ከቤት አልወጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ የጊኒ ትልቁ የብር ኖት 20,000 ፍራንክ ነው። 300 ዶላር ስመነዝር ከመቶ ሃያ በላይ ኖት በላስቲክ ታስሮ ተሰጠኝ። የት እንደማደርገው ጨነቀኝ።

መናኸሪያ የደረስኩት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የተነሳነው 5 ሰዓት ላይ። መኪናው አሮጌ ፔጆ ነው፣ ሰው ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ሲሞላ ከሹፌሩ ጋር አሥር ሆንን፣ ሕፃናቱን ሳልቆጥር። መጠበቁን ቻልኩት። ያናደደኝ የጓዙ ሒሳብ ነው። ጫኚው ለአንድ ሻንጣዬ 100,000 ፍራንክ ተቀበለኝ። አጠገቤ ያለው ሰው ለሁለት ጆንያ 30,000 ከፈለ። በማላውቀው ቋንቋ መከራከር አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ከገንዘቡ ይልቅ ዝም ማለቴ አበገነኝ።

ኋላ የተቀመጠች አንዲት ነጋዴ ሴት ግን አይታ ኖሯል። ከመኪናው ወረደች። ጫኚውን ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ግን ጣቷን እያወዛወዘች ለረጅም ጊዜ ተናገረችው። ሰውዬው 80,000 መለሰልኝ። ላመሰግናት ስዞር በፑላር ታወራኝ ጀመር። እንዳልገባኝ በምልክት ነገርኳት። አላመነችኝም። መልሳ ጠየቀችኝ፤ ዝም ስል ፊቷን አዞረች። ምን እንዳስቀየምኳት የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። መንገድ መሪዬ ሲያስረዳኝ፣ መልኬን አይታ ፉላኒ ነው ብላለች፤ ቋንቋውን እየቻልኩ የኮራሁባት መስሏት ነው። በዚያ ጉዞ ይህ ነገር በየመንደሩ ገጠመኝ። "አንተማ የኛ ሰው ነህ" ሳይለኝ ያለፈ ሽማግሌ የለም።

ፉታ ውስጥ ያለችው ፒታ ከተማ ስንደርስ መሽቷል። ያደርኩበትን ቤት ስም አልጠራም። ውሃ የለውም፤ መብራቱ 3 ሰዓት ላይ ጠፋ። ፍራሹ መሃሉ ስለጎደጎደ ሌሊቱን ሙሉ ስንከባለል አደርኩ። ጠዋት ደግሞ ማታ የተስማማንበት ዋጋ በ50,000 ጨምሮ ጠበቀኝ። ከፍዬ ወጣሁ። በር ላይ መሪዬ ቆሟል።

አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። እንግሊዝኛውን የተማረው ሴራሊዮን ውስጥ ሲነግድ ነው። በቀን 25 ዶላር ተስማማን፤ ምግብና ማደሪያው በዚያው ውስጥ ነው። "ኮቶ" ብሎ ጠራኝ። ኮቶ ታላቅ ወንድም ነው፤ እንደኛ ጋሼ። ሰላምታ አስተማረኝ። "ኦን ጃራማ" ይባላል። "ኦን" ለብዙ ሰውና ለታላቅ ነው፣ ልክ እንደ እርስዎ። ለእኩያና ለታናሽ ሲሆን "አ ጃራማ" ይሆናል። ከዚያ "ታና አላ?" ይከተላል፤ ክፉ ነገር የለም ወይ ማለት ነው። መልሱ "ጃም ቱን" ነው፣ ሰላም ብቻ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው በተራ ይጠየቃል። እኔ የአዲስ አበባ ኑሮ ያጣደፈኝ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ቀን፣ በመንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ ቆሞ እንደዚያ ሲጠይቅ ሰዓቴን አየሁ። በሁለተኛው ቀን ሰዓቴን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አያቶቼ ደብረ ብርሃን ዙሪያ እንደዚሁ ነበር የሚጠያየቁት። "እንዴት አደራችሁ? ከብቱስ? አዝመራውስ?"

ዱኪ የሚባለው መንደር ከፒታ በስተምዕራብ፣ የትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሦስት ቀን የተጓዝነው በዚያ ዙሪያ ነው። ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ነው። የፉታ ከፍተኛው ተራራ ሉራ እንኳ 1,515 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ላይ ስለሆነ ለእኔ ቆላ ሊባል ይችላል። ሌሊት ግን ይበርዳል። መሪዬ ሁለት ብርድ ልብስ አምጥቶ "ይችሉታል ወይ?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እኔ ብርዱን ናፍቄው ነበር። በዚያ ጉዞ የመጀመሪያውን ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁት ያን ሌሊት ነው።

የገደሉ ነገር ግን እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ወደ ሸለቆው የሚወርደው መንገድ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ መንገድ አይደለም። ቀጥ ያለ ዓለት ነው። እዚያ ላይ በሐረግ የታሰረ የእንጨት መሰላል ቆሟል። ምስማር የለውም። የሰፈሩ ሴቶች እንቅብ ተሸክመው ይወጡበታል። እኔ ከላይ ሆኜ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ፤ አልወርድም አልኩ። መሪዬ አልተቆጣም፣ አልሳቀብኝም። ቀድሞ ሁለት እርከን ወርዶ ጠበቀኝ። "ኮቶ፣ እንጨቱን መሃሉ ላይ አይርገጡ፤ ዳርና ዳሩን፣ ሐረጉ የታሰረበትን ይርገጡ" አለኝ። ከዚያ በኋላ የማየው ሐረጉን ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ ቋጠሮ ሰው ቁጭ ብሎ ያሰረው ነው። ታች ስንደርስ ኩሬ አለ፣ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ድንጋዩ ይቆጠራል። እዚያ ቁጭ ብለን ብርቱካን በላን። የፉታ ብርቱካን ልጣጩ አረንጓዴ ቢሆንም ውስጡ ጣፋጭ ነው።

መንደሮቹ ከሩቅ አይታዩም። የሣር ክዳናቸው ወደ መሬት ወርዶ ግድግዳውን ይሸፍነዋል፤ ዙሪያውን ደግሞ የቁጥቋጦ አጥር አለ። አጥር ውስጥ ያለው መሬት የሴቶቹ ነው። በቆሎ፣ ካሳቫ፣ ኦቾሎኒና ጎደሬ ይተክሉበታል። ጎደሬ ሳይ ወላይታ የሄድኩ መሰለኝ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ብዙው መሬት ቦዋል ይባላል፤ ቀይ ድንጋይ የሆነ ገላጣ ሜዳ ነው፣ ከሣር በቀር አያበቅልም። አጥር ውስጥ ግን አፈሩ ጥቁር ነው። ሴቶቹ ፍግ፣ አመድና ቅጠል ለዘመናት እያለበሱት ነው እንዲህ የሆነው። ስለ ፉታ ሲወራ ፏፏቴው ይወራል። እኔ ግን ከሁሉም የደነቀኝ ይህ አፈር ነው። እፍኝ አንስቼ አሸተትኩት።

ያደርኩባቸው እናት መበለት ናቸው። ልጆቻቸው ዳካርና ኮናክሪ ናቸው። ሁሉም "ኔኔ" ይሏቸዋል፣ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም ኔኔ አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ፎኒዮ የሚባለውን እህል ሲወቅጡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፍሬዋ ከጤፍ ብዙም አትበልጥም። በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ይነፈሳል፣ እንደገና ይወቀጣል፣ ከዚያ አሸዋው እስኪወጣ ደጋግሞ ይታጠባል። ለአንድ ራት ይህ ሁሉ። ዘነዘናውን ተቀብያቸው ትንሽ ወቀጥኩ፤ እጄ ውሃ ቋጠረ። ማታ ግን ያቀረቡልኝ ፎኒዮውን አልነበረም። "ላቺሪ ኤ ኮሳን" ነው፣ በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ቅንጬ በእርጎ። ኔኔ ለሦስት ሰው የሚሆን አቀረቡ። ጠግቤያለሁ ስል ጨመሩልኝ። ጉርሻ የለም እንጂ ነገሩ ያው የኛው ነው።

ያን ማታ የመንደሩ መምህር ሊጠይቁኝ መጡ። ቲዬርኖ ይሏቸዋል፤ የኔታ እንደማለት ነው። ግቢያቸው ውስጥ ልጆች እሳት ከበው፣ የእንጨት ሰሌዳ ይዘው ቁርዓን ሲቀሩ ቀን ላይ ስናልፍ ከሩቅ ሰምቼ ነበር። ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ አልኩ። ስሙ አልገባቸውም። መሪዬ "ሐበሻ" ሲላቸው ተነስተው ሁለት እጄን ያዙ። "ነጃሺ!" አሉ። እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ ተከታዮች ወደ አክሱም መሸሻቸውን፣ ንጉሡ አሳልፌ አልሰጥም ማለታቸውን ከእኔ አስበልጠው ነገሩኝ። ሳልደብቅ ክርስቲያን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። "በሩን ሲከፍትላቸው እሱም ክርስቲያን ነበር" አሉኝ። ሲሄዱ አንድ ጠርሙስ ማር ላኩልኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ጠዋት የመሪዬ ታናሽ እህት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ፣ ዐረብኛ ያልሆነ ፊደል ትጽፋለች። አድላም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኢብራሂማና አብዱላዬ ባሪ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ገና ልጆች ሳሉ፣ ለፉላኒ ቋንቋ የፈጠሩት ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ይጻፋል። ስሜን በአድላም ጻፈችልኝ። እኔ ደግሞ ስሟን በፊደል ጻፍኩላት። ጎን ለጎን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ያንን ወረቀት ለእሷ ተውኩላት፤ ፎቶውን ግን ይዣለሁ።

ወደ ላቤ ከተማ ስንሄድ መሪዬን ስለ ፖሬዳካ ጠየቅኩት። ማሙ አካባቢ ያለች ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. በ1896 የፉታው መሪ አልማሚ ቦካር ቢሮ በፈረንሳዮች የተሸነፈው እዚያ ነው። እኛ አድዋ ላይ ባሸነፍንበት ዓመት፣ ከስምንት ወር በኋላ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ዲያሎ ቴሊም የፖሬዳካ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1972 አዲስ አበባ ነበር የሚሠራው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ታሰረ፤ በ1977 ካምፕ ቦይሮ በሚባለው እስር ቤት ሞተ። መሪዬ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። እኔም ብዙ አልጠየቅኩም። ስንት ጊዜ በድርጅቱ በር ሳልፍ ስሙን አስቤው እንደማላውቅ ግን ቆጨኝ።

ላቤ አንድ ሌሊት አደርን። በማግስቱ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ በእግር ሄድን። መሪዬ መንገዱ ላይ ምንም አላወራም። ሆሬ ዲማ ስንደርስ ያየሁት ጥቂት ትልልቅ ዛፎች ናቸው። ከሥራቸው እርጥብ ሣር፣ ከሣሩ ሥር ደግሞ ውሃ አለ። ድምፅ የለውም። ይህ ነው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ በጋምቢያ ዋና ከተማ ባንጁል ላይ ውቅያኖስ የሚገባው።

መሪዬ ከዛፎቹ በላይ ያለውን ዳገት አሳየኝ። ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ሲመጣ ጫካው እስከዚያ ነበር አለኝ። ለከሰልና ለጡብ መተኮሻ ተቆርጦ አለቀ። እኔም ስለ አያቴ ምንጭ ነገርኩት። ደብረ ብርሃን አጠገብ ነበረች፤ ዙሪያዋን ባሕር ዛፍ ተከልንባት። አሁን ክረምት ካልሆነ ውሃ የላትም። ዝም ብለን ተቀመጥን።

አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። ሰላምታው እንደ ልማዱ ረዘመ። አሁን እኔም መለስኩ፤ "ጃም ቱን" ስላት ሳቀች። በትንሽ ቅል እየቀዳች፣ ውሃውን ሳታደፈርስ፣ ቀስ ብላ ሞላችው። ስትጨርስ እኔና መሪዬ አንስተን ጭንቅላቷ ላይ አደረግንላት። ዳገቱን ይዛ ወጣች።

ልንሄድ ስንነሳ ዞር ብዬ አየሁ። ቆሜበት የነበረው የጫማዬ ዱካ ውሃ ሞልቶት ነበር።