የኩበት ጭስን በደብረ ብርሃን ማድ ቤቶች እንዴት ለካሁት

በደብረ ብርሃን ዙሪያ የኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ስለካ ቁጥሩን በብዛት ያበላሹብኝ ከፍታው፣ ሰዓቱና የእንጀራ ቀኑ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ማገዶን ጭስ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በብርቱ በሚገመተው በ2ኤ ምድብ መድቦታል፤ በጭስ ውስጥ የሚገኘው ቤንዞፓይሪን የተባለው ኬሚካል ደግሞ ካንሰር ማምጣቱ በተረጋገጠው 1ኛ ምድብ ውስጥ ነው። ስለዚህ የተዛባ ቁጥር ይዞ መቅረብ ተገቢ አይደለም።

የለካሁት ፒ ኤም 2.5 የሚባለውን፣ እስከ ሳንባ ጥልቀት የሚወርደውን ደቃቅ ብናኝ ነው። ፓምፕ በደቂቃ 1.5 ሊትር አየር ይስባል፤ አየሩ ትላልቁን ብናኝ አሽከርክሮ በሚያስቀረው ሳይክሎን አልፎ 37 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የቴፍሎን ፊልተር ላይ ብናኙን ይተዋል። ፊልተሩ ባዶውንም ጥላሸት ይዞም ከመመዘኑ በፊት በአንድ ዓይነት ሙቀትና እርጥበት 24 ሰዓት ይቆያል። የአየር መግቢያው ከምድጃው ጠርዝ 1 ሜትር፣ ከወለሉ 1.45 ሜትር፣ ከበርና ከመስኮት 1.5 ሜትር ርቆ ይሰቀላል።

ትልቁ ጣጣ ፍሰቱ ነው። ኳስ ያለው የፍሰት መለኪያ የተስተካከለው ለባሕር ጠለል ግፊት ነው። 2800 ሜትር ላይ ግፊቱ ወደ 72 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ፣ ኳሱ 1.5 ላይ ቆሞ የሚገባው አየር 1.78 ሊትር ገደማ ይሆናል። አየሩ ሲፈጥን ሳይክሎኑ ማሳለፍ የነበረበትን ብናኝ ያስቀራል፤ የአየሩ መጠን በ1.5 ሲሰላ ደግሞ ክምችቱም ይዛባል። እኔን ያዳነኝ የሳሙና አረፋ ነው፦ 1 ሊትር ምልክት ባለው የመስታወት ቱቦ ውስጥ አረፋው በ40 ሰከንድ ካለፈ ፍሰቱ ልክ ነው። ጣርማበርን አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ግፊቱ ስለሚለወጥ እንደገና ይለኩ። ሲጨርሱም ይድገሙት፤ ጥላሸት ፊልተሩን ይደፍነዋል። ፍሰቱ ከ10 በመቶ በላይ የቀነሰበትን ናሙና እጥላለሁ።

በ24 ሰዓት 2.16 ሜትር ኩብ አየር ያልፋል። ፊልተሩ 0.648 ሚሊግራም ከጨመረ ክምችቱ በሜትር ኩብ 300 ማይክሮግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለ24 ሰዓት ያስቀመጠው ወሰን 15 ማይክሮግራም ነው።

ጎን ለጎን ፒ ኤም ኤስ 5003 የተባለ ርካሽ የሌዘር ሴንሰር በየደቂቃው ይመዘግባል። ብቻውን አይታመንም፤ የድስት እንፋሎትንና የጠዋት ጉምን እንደ ብናኝ ይቆጥራል፣ ከ1000 ማይክሮግራም በላይም ንባቡ አያስተማምንም። የሚስበው ኮረንቲ ትንሽ በመሆኑ ፓወር ባንኩ በራሱ ይጠፋል፤ 47 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር በ5 ቮልት መስመሩ ላይ በትይዩ ሲገባ ተጨማሪ ኮረንቲ ስለሚስብ ሳይጠፋ ይቆያል።

የመሣሪያው ሰዓትና የእናቶች ሰዓት በ6 ሰዓት ይለያያሉ። «በሦስት ሰዓት ጋገርኩ» የተባለው መዝገቡ ላይ 9፡00 ነው፤ በአንድ ስልት ካልተጻፈ ጭሱ እጅግ የበዛበት ሰዓት ከተጋገረበት ሰዓት ጋር አይገጥምም። እንጀራ በየቀኑ ስለማይጋገርም 24 ሰዓት አይበቃም፤ የምጣድ ቀንና ያልሆነው ሁለቱም መያዝ አለባቸው። የቡና ዕጣን የጨሰበትም ደቂቃ ይጻፍ፣ አለዚያ ለኩበቱ ይቆጠራል።

ለቤንዞፓይሪን ምርመራ የሚሄደው ሌላ፣ የኳርትዝ ፊልተር ነው። ብርሃንና ሙቀት ስለሚያጎድሉት በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ በበረዶ ሣጥን ይጓዛል።