ጩኸቱን ከጆሮ ወደ መዳፍ፦ የሞዴል አውሮፕላን ሪሞት ጆሮው ለከበደ ሰው እንዴት እንዳስተካከልኩ

ጆሮው የከበደ ሰው የአውሮፕላን ሪሞቱን አስተካክልልኝ ሲልህ መጀመሪያ የሚመጣልህ ሐሳብ ድምፁን ማጉላት ነው። ተወው። ለብዙ ሰው አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ሳይገባህ ከጀመርክ ደግሞ ልፋትህን ውኃ ይበላዋል።

ሪሞቱ የጎረቤቴ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ አጥር ለአጥር ነን። ዕድሜውን በብረት ሥራ የጨረሰ ሰው ነው፤ ቶርኖ፣ መዶሻ፣ ግራይንደር። ያኔ የጆሮ መሸፈኛ ማን ያውቃል። ጡረታ ሲወጣ ጆሮው ከበደ፣ እጁ ግን ያው የድሮው እጅ ነው፤ ከፎም የቆረጠውን ክንፍ ብታየው ከፋብሪካ የወጣ ነው የምትለው። (እንደ ድሬ ልጅ "አንተ" እያልኩ ነው የማወራለት፣ ንቀት አይደለም፣ እሱም አንቱ ቢሉት ይስቃል።)

ሪሞት ዝም ያለ ዕቃ አይደለም። ያወራል። ድንጋዬ አለቀ ይላል፣ የሞላኸው ሰዓት ደረሰ ይላል፣ ከአውሮፕላኑ ጋር ያለን ግንኙነት ደከመ ይላል። ይህን ሁሉ የሚለው ግን በጢጥ ጢጥ ነው። ጢጥ ጢጡን ያልሰማ ሰው ሞተሩ ሰማይ ላይ ሲቆምበት ነው የሚነቃው። ጎረቤቴ፣ ጋሼ፣ በአጭሩ ነገረኝ፦ "አቦ፣ ባትሪው ማለቁን እኔ የማውቀው ሲወድቅ ነው።"

መጀመሪያ ጆሮው የቱን እንደሚሰማ ማወቅ ነበረብኝ። የሐኪም ምርመራ አይተካም፣ ግን ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ስልኬ ላይ የፈለግከውን ሄርዝ (ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል) የሚያወጣ አፕ ጫንኩና በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ስትሰማ ጣትህን አንሳ አልኩት። 500 ላይ ጣቱ ወዲያው ተነሳ። 1,000 ላይም ተነሳ። 2,000 ላይ ትንሽ አሰብ አድርጎ አነሳ። 3,000 ላይ እኔ ጆሮዬን እስክይዝ ድረስ ድምፁን ጨመርኩት፣ እሱ ጣቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ "መቼ ነው የምትጀምረው?" በሚል ዓይን ያየኛል። 4,000 ላይ ግቢው ውስጥ የነበረችው ድመት ተነስታ ሄደች፣ ጋሼ አሁንም ይጠብቃል።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። የመሣሪያ ጫጫታ ጆሮ ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው 4,000 ሄርዝ አካባቢ ያለው ነው። በዕድሜ የሚመጣውም ድክመት ከቀጭኑ ድምፅ ነው የሚጀምረው። ሪሞት ውስጥ የምትጮኸው ትንሿ ክብ ነገር፣ ፒዬዞ በዘር የሚሏት፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትጮኸው ደግሞ ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው ውስጥ ነው። ጆሮው ልክ በተበሳበት ቦታ ላይ ማለት ነው። እሷን እጥፍ ብታስጮሃት የሚረበሸው አጠገብህ የቆመው ሰው ነው።

ታዲያ ድምፁን ለምን አታወፍረውም ትለኝ ይሆናል። አስቤበት ነበር። ፒዬዞዋ ግን ወፍራም ድምፅ አይወጣላትም፣ ስለዚህ ስፒከርና ማጉያ ልትጨምር ነው፣ ከዚያም ነፋሱና በመንገዱ የሚያልፈው ባጃጅ ይውጡታል። የመስሚያ መሣሪያ አለው፣ ሜዳ ላይ ግን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ ነፋስ ማይኩ ላይ ሲነፍስ ጆሮው ውስጥ ሹሹታ ብቻ ነው የሚሆንበት። መብራትስ? ሪሞቱ ላይ ቀይ መብራት ማብራት ከሁሉም ይቀላል። ግን የሚያበር ሰው ሪሞቱን አያይም። ዓይኑን ለሁለት ሴኮንድ ካወረደ አውሮፕላኑ ወደ እሱ እየመጣ ይሁን እየሄደበት ይጠፋዋል።

ጆሮ የለም፣ ዓይን ተይዟል። የቀረው እጅ ነው፣ እጁ ደግሞ ሁሌም ሪሞቱ ላይ ነው። የስልክ ቫይብሬት!

እዚህ ላይ ሳስበው ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። የመዳፍ ቆዳ ንዝረትን በደንብ የሚለየው ከ200 እስከ 300 ሄርዝ አካባቢ ሲሆን ነው። የሳንቲም ቅርፅ ያላት የስልክ ቫይብሬት ሞተር ደግሞ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ያህል ትዞራለች፣ ያ ማለት 200 ሄርዝ ነው። ጆሮው የሌለው እዚያ ላይኛው ሰፈር ነው፣ መዳፉ ያለው እዚህ ታች ነው።

ዕቃ ፍለጋ ታይዋን ወረድኩ። ድሬን የማታውቁ፣ ታይዋን ገበያ ነው፣ ከቻይና ጃኬት እስከ ሞባይል ድረስ የሚገኝበት። ሞባይል ጠጋኞቹ ጋ የሞተ ቀፎ በካርቶን ሞልቷል፣ ሞተሯን ከዚያ ነቅለህ ትወስዳለህ። የቀረውን ከወደቀ ቦርድ አወጣሁት፦ አንድ 2ኤን2222 ትራንዚስተር፣ ሁለት 1ኤን4148 ዳዮድ፣ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ ኤኤምኤስ1117 የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር (ቮልቴጁን አንድ ልክ ላይ የሚይዝ) ከራሱ ካፓሲተሮች ጋር፣ ሞተሯ ላይ የምትቀመጥ ደግሞ 0.1 ማይክሮፋራድ።

ሪሞቱ አራት ድንጋይ የሚበላ፣ በ2.4 ጊጋ ሄርዝ የራዲዮ ሞገድ የሚሠራ ተራ የጀማሪ ሪሞት ነው፣ ቫይብሬት የለውም። በካቻቢቴ ጀርባውን ከፍተህ በዘሯን ትፈልጋለህ። ሁለት ዓይነት አለች። አንደኛዋ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲሰጣት ራሷ የምትጮህ ናት። ሁለተኛዋ ከፕሮሰሰሩ በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል ምልክት ካላገኘች የማትጮህ ናት። የእኛዋ ሁለተኛዋ ነበረች። ለዚህ ነው አንዱ ዳዮድና ካፓሲተሩ የሚያስፈልጉት፤ ያንን ብልጭ ድርግም ያጠራቅሙና ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀይሩታል። ከዚያ በ1 ኪሎ ኦሙ በኩል ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ (ማዘዣ እግሩ) ይገባል፣ ትራንዚስተሩ ሞተሯን ይከፍታል። ጢጥታው ሲቆም ካፓሲተሩ ወዲያው ስለሚራገፍ ሞተሯ አትጎተትም። ሁለተኛው ዳዮድ ሞተሯ ላይ በተቃራኒ ይታሰራል። ሞተር ሲጠፋ ወደ ኋላ የሚረጨው ቮልቴጅ አለ፣ ዳዮዱ ከሌለ ትራንዚስተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሞተሯን በፍጹም ቀጥታ ከፕሮሰሰሩ እግር ላይ አትሰካ። 80 ሚሊ አምፔር አካባቢ ትበላለች፣ የፕሮሰሰር እግር ያን አይችልም።

አሁን ስለ ሬጉሌተሩ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ በሬዚስተር ብቻ ያልፋል። አዲስ አራት ድንጋይ 6 ቮልት ነው፣ ሞተሯ ደግሞ የ3 ቮልት ናት። 39 ኦም ሬዚስተር ጣልቃ ብታስገባ ስሌቱ ይሞላል፣ ጠረጴዛ ላይም በደንብ ትንቀጠቀጣለች። ግን አስበው፣ ከሁሉም በላይ እንድትንቀጠቀጥ የምትፈልገው መቼ ነው? ድንጋዩ ሲያልቅ። ያኔ 6 የነበረው ወደ 4.2 ወርዷል፣ ሞተሯ ጋ የሚደርሰው 2 ቮልት ቢሆን ነው። ማስጠንቀቂያው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይሰንፋል። ኤኤምኤስ1117 ግን የሚበላው 1.1 ቮልት አካባቢ ስለሆነ 4.2 ላይም 3 ቮልት ያህል ይሰጥሃል። ሞተሯ መጀመሪያም መጨረሻም አንድ ዓይነት ናት። የሁለቱን ልዩነት ጋሼ ራሱ እጁ ላይ አይቶታል፣ ያለቀ ድንጋይ ከተን በሁለቱም መንገድ አስያዝኩት። በሬዚስተሩ "ዝንብ ነው እንዴ?" ነው ያለው።

የት ትቀመጥ የሚለው ደግሞ ከሽቦው በላይ ጊዜ ወሰደ። ቦርዱ ላይ ብታስቀምጣት ንዝረቱ ለቦርዱ ነው የሚደርሰው። የፊት ሽፋኑ ላይ ሲሆን ስክሪኑ ብቻ ነው የሚንጫጫው። ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ሞተሯን በረጅም ሽቦ አውጥተህ ሪሞቱ ላይ በናስትሮ እየለጠፍክ አዟዙራት፣ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ይያዝ። ለጋሼ ምርጡ ቦታ የጀርባው ሽፋን ውስጥ፣ የግራ እጁ መካከለኛ ጣት የሚያርፍበት ነው። ለአንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ስቲኩን (መንጃ ዘንጉን) በአውራ ጣት ብቻ የሚገፋና በሁለት ጣት የሚቆነጥጥ ሰው ሪሞቱን አንድ ዓይነት አይዙም። ቦታው ከታወቀ በኋላ ማሰሪያዋን እሱ ራሱ ከቁራጭ አልሙኒየም በሞረድ ሠራት። እኔ በማስቲሽ ልጨርሰው ነበር፣ አላስችል አለው። የእሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም ማስቲሽ ራሱ ንዝረቱን ይውጣል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይለቃል።

ሽቦዎቹን ከአንቴናው አርቃቸው፣ ሁለቱን ሽቦ እርስ በርስ ጠምዝዛቸው። ከዘጋህ በኋላ ሞተሯ እየተንቀጠቀጠች ስክሪኑ ላይ የቻናሎቹን (የየትእዛዙን) መስመር እይ፣ ስቲክ ሳትነካ የሚደንስ መስመር ካለ ንዝረቱ ስቲኮቹ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ መሬት ላይ፦ አንዱ ሪሞቱን ይዞ እየራቀ ይሄዳል፣ ሌላው አውሮፕላኑ ጋ ቆሞ ክንፉን ያያል። ሞተሯ ጠፍታም በርታም። ፕሮፔለሩን አውልቁት በናታችሁ።

የቁልፍ ጢጥታዎቹም ያንቀጠቅጧታል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ቁልፍ በነካ ቁጥር እጁ ቢንዘረዘር ያሰለቻል። አልሆነም። ሞተሯ ተነስታ እስክትዞር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ያስፈልጋታል፣ የቁልፏ ጢጥታ ከዚያ በፊት አልቃለች። የሚደርሰው ረጅሙ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ሳልለፋ ያገኘሁት ማጣሪያ።

ማብረር ወጣን፣ ከከተማው ራቅ ብለን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ። ድሬ አየር ማረፊያ ያለባት ከተማ ናት፣ ፈቃድ ሳትይዝና ርቀትህን ሳትጠብቅ አትሞክረው። በጠዋት የሆነው ደግሞ ሙቀቱና የከሰዓቱ ነፋስ ከመምጣቱ በፊት እንድንጨርስ ነው። ቫይብሬቱ ሠራ። ያላሰብኩት ግን ሌላ ነገር ወጣ። የሚሰማ ሰው የአውሮፕላኑን ሞተር ድምፅ እየሰማ ነው ስሮትሉን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት፣ የሚያስተካክለው፣ ሲደክም ይሰማዋል፣ ሲያጓራ ይሰማዋል። ጋሼ ያ የለውም። ስለዚህ የሪሞቱ ሰዓት ለእሱ ከባትሪ ማስጠንቀቂያው በላይ ሆነ፤ ሰዓቱ ሲሞላ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያርፋል። ሰዓቱን የምትሞላው በግምት አይደለም። አጭር በረራ ታበርና የሊፖውን (የአውሮፕላኑን ባትሪ) የእያንዳንዱን ሴል ቮልት ትለካለህ፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ነው፣ ካረፍክ በኋላ 3.7 አካባቢ እንዲቀርህ አድርገህ ሰዓቱን ታስተካክላለህ።

ሐረር ስትወጣ ደግሞ እንደገና ለካ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። አየሩ ይሳሳል፣ ያው አውሮፕላን ያንኑ ለመብረር ተጨማሪ ስሮትል ይጠይቃል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። የሚሰማው ሰው በሞተሩ ድምፅ ይጠረጥራል። የማይሰማው ያለው የሞላኸው ቁጥር ብቻ ነው።

ሜዳ ላይ አጋዥም ያስፈልጋል፣ እዚህ ጋ አንድ መላ ይዘናል። መጮህ የለም። አጋዡ ከኋላ በኩል ይቆምና ትከሻ ይነካል፦ አንዴ መታ ካደረገ ሰው ወይም ከብት እየመጣ ነው፣ ሁለቴ ከሆነ አሁኑኑ አሳርፍ። ከመብረር በፊት ተስማሙበት፣ ድንገት ትከሻውን የተነካ ሰው ይደነግጣልና ስቲኩን ይስበዋል።

ይህን ሲያይ የሰፈራችን አንድ ልጅ መጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው። ሪሞት ይጮሃል የሚባለውን ነገር እስካሁን አላወቀም ነበር። የእሱ ጥያቄ ከጋሼ ይለያል። የምልክት ቋንቋ አለው፣ ግን ሲያበር እጁም ዓይኑም ስለሚያዙ ያ ቋንቋ ይዘጋበታል፣ ስለዚህ ከቫይብሬቱ የሚፈልገው ብዙ ነው፤ የሰዓቱ አንድ ረጅም፣ የባትሪው ሦስት አጭር፣ የሲግናሉ ሌላ። ልክ ነው፤ ቆዳ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ በደንብ አይለይም፣ ርዝመትና ምት ግን ይለያል። የእኔ ሥራ ግን በዘሯ ያለችውን ነው የሚደግመው፣ የራሱ ጭንቅላት የለውም። እንደሱ ላለ ሰው ቫይብሬቱ አብሮት የተሠራ፣ እንደ ራዲዮማስተር ቲኤክስ16ኤስ ያለ ሪሞት ነው የሚሻለው። ኤጅቲኤክስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ለየትኛው ነገር መንቀጥቀጥ እንዳለበት ራስህ ትመርጥለታለህ። ዋጋው ሌላ ወሬ ነው። ለጊዜው ከጋሼ ጋር በተራ ያበራሉ፣ አንዱ ሲያበር ሌላው ትከሻ ላይ ነው።