ለአሮጌ ኮሮላ የካርቦን ፋይበር ኮፈን በቤት ውስጥ መሥራት

በቤት ውስጥ ለመኪና የሚሆን የካርቦን ፋይበር ዕቃ ስለመሥራት የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሐሳባቸው ጨርቁ ላይ ነው፤ ከየት ይገዛል፣ ስንት ያወጣል፣ እውነተኛ መሆኑስ በምን ይለያል ይላሉ። እኔ የአሮጌ ኮሮላዬን የስፖኪዮ ሽፋኖች፣ ቀጥሎም ኮፈኑን ስሠራ ያየሁት ግን የድካሙ ትልቁ ክፍል ጨርቁ ከመነካቱ በፊት በሞልዱ (ዕቃው ቅርጹን በሚወስድበት ማውጫ) ላይ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ሬዚኑን (ጨርቁ ጠጥቶት የሚደርቀውን ፈሳሽ ሙጫ) በልክ ማድረግ ላይ እንደሚያርፍ ነው።

አንዱ የካርቦን ክር 7 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው። በገበያ ላይ 3ኬ የሚባለው ጨርቅ እያንዳንዳቸው 3,000 እንዲህ ያሉ ክሮችን የያዙ ጥቅሎች የተሸመኑበት ነው። ጨርቁ ብቻውን እንደ ማንኛውም ጨርቅ ስለሚተጣጠፍ ጥንካሬ የሚያገኘው ኢፖክሲ የሚባለውን ሬዚን ጠጥቶ ሲደርቅ ነው። ማክላረን በ1981 እ.ኤ.አ. ሙሉ የካርቦን አካል ያለውን የፎርሙላ 1 መኪና ለውድድር ሲያቀርብም ሆነ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ዓይነት ቁስ የሆነው ቦይንግ 787 ሲሠራ፣ ዕቃው የሚበስለው አውቶክሌቭ በሚባል ግፊትና ሙቀት በሚሰጥ ትልቅ ምድጃ ውስጥ ነው። እኛ በግቢያችን ያለን ግፊት የከባቢ አየር ግፊት ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እርሱም ጎደሎ ነው፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ሞልዱ የሚወጣው ከራሱ ከፋብሪካው ኮፈን ላይ ነው። ኮፈኑ የተጎዳ ከሆነ በመጀመሪያ ባትላሜራ ያቃናዋል፣ በስቱኮ ይደፈናል፣ ከዚያም በውኃ እየታሸ ከሸካራው እስከ ልስልሱ የብርጭቆ ወረቀት ድረስ ይለሰልሳል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ በኮፈኑ ላይ የቀረች እያንዳንዷ ጭረት በሞልዱ፣ ከሞልዱም በሚወጣው ዕቃ ሁሉ ላይ ትታያለች። ዙሪያውን ጥቂት ሳንቲሜትር የሚወጣ ጠርዝ በለስላሳ ጣውላ ማበጀትም ያስፈልጋል፤ ኋላ በጨርቁ ላይ የሚለብሰውና አየሩ በፓምፕ ሲመጠጥ (ቫኪዩም ሲሆን) ጨርቁን ወደ ሞልዱ የሚጫነው ፕላስቲክ የሚጣበቀው በዚህ ጠርዝ ላይ ነውና። ከዚያ ማላቀቂያ ሰም ደጋግሞ እየቀቡ ማወልወል፣ በላዩም ፒ.ቪ.ኤ. የሚባለውን ስስ ፊልም መርጨት፣ ቀጥሎ ጄልኮት (የሞልዱ ገጽ የሚሆነው ወፍራም ሬዚን)፣ በመጨረሻም ፋይበር ግላስ በንብርብር ማልበስ ነው። ንብርብሩን በአንድ ጊዜ ማብዛት ሬዚኑን ስለሚያግለው ሞልዱ ይጣመማል። ከጀርባው የእንጨት ወይም የብረት ቱቦ ድጋፍ ሳይታሰር ከኮፈኑ ላይ የተላቀቀ ሞልድ ቅርጹን አይጠብቅም።

ከተማችን ውስጥ ፋይበር ግላስ የሚሠሩ ባለሙያዎች እጃቸው የተፈታ ነው፤ ነገር ግን የለመዱት ፖሊስተር ሬዚንን ነው። ፖሊስተር ቶሎ እንዲደርቅ ሲፈለግ ማጠንከሪያው በመጠኑ ይጨመርለታል። ኢፖክሲ ግን ይህን አይቀበልም፤ ፋብሪካው በክብደት 100 ሬዚን ለ30 ማጠንከሪያ ካለ በዲጂታል ሚዛን ልክ 100 ለ30 ነው፤ የተረፈው ማጠንከሪያ ከሬዚኑ ጋር ሳይዋሐድ ስለሚቀር ዕቃው ለዘለቄታው የላላ ይሆናል። የተቀላቀለውን ኢፖክሲ በጠባብ ጣሳ ውስጥ ማቆየትም አደገኛ ነው፤ በራሱ ግሎ እስከ መጨስ ይደርሳል፤ ስለዚህ ወዲያው በሰፊ ትሪ ላይ ማፍሰስ ይሻላል። መጠኑን በተመለከተ፣ በካሬ ሜትር 200 ግራም ለሚመዝን ጨርቅ ተመጣጣኝ 200 ግራም ሬዚን መነሻ ሆኖ ያገለግላል፤ ትርፉን ቫኪዩሙ ያወጣዋል።

ለቫኪዩም የፍሪጅና የኤር ኮንዲሽነር ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ፓምፕ በቂ ነው፤ ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕሬሰርም ይሠራል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ መለኪያው ወደ 1 ባር (በባሕር ዳርቻ ያለው የአየር ግፊት ያህል) ሲጠጋ ያየ ሰው የራሱ ከ0.76 አካባቢ አልፎ አልሄድ ሲለው ፓምፑ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ፓምፑ ግን ደኅና ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጫን አየር የለም። ያም ሆኖ በካሬ ሜትር ከ7 ቶን በላይ የሚሆን ጫና ስለሆነ ለኮፈን አያንስም። እኔ ለጉድለቱ ማካካሻ የማደርገው ጨርቁን ከቫኪዩሙ በፊት በሮለር በደንብ መጫንና አየሩን በእጅ ማስወጣት ነው።

ኮፈኑን ቀላልም ግትርም የሚያደርገው በሁለት የካርቦን ገጾች መካከል የሚገባው ስስ ፎም ነው። የአንድ ገጽ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር መጣመምን የመቋቋም ኃይሉ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ውፍረቱን ክብደት በሌለው ነገር ማግኘት ካርቦን ከመደራረብ እጅግ ይሻላል። ማጠፊያውና መቆለፊያው በሚታሰሩበት ቦታ ግን ፎሙ ተቆርጦ በኮምፔርሳቶ መተካት አለበት፤ አለበለዚያ ቡሎኑ ሲጠብቅ ፎሙን ይጨፈልቀዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ኢፖክሲውን ሊያስተኛው ስለሚችል ሞልዱን በብርድ ልብስና በአሮጌው ዓይነት አምፖል በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ማሳደር ይረዳል። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ ደግሞ ጥቁር ኮፈን ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲውል የመለስለስና የሽመናው ቅርጽ በላዩ የመውጣት ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ዕቃው ከሞልዱ ሳይወጣ ቀስ በቀስ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ለጥቂት ሰዓታት ማሞቅ አስፈላጊ ነው።

ሲቆረጥና ሲታሽ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ አይበጅም፤ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ በግራይንደር ሞተር ውስጥ ሲገባ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ጭምብል ማድረግና በውኃ እያራሱ ማሸት ይገባል። ኢፖክሲው ራሱ ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ስለሚያመጣ ያለ ጓንት አይነካም።

መሪን፣ ፍሬንን፣ የጎማ ማንጠልጠያን ወይም የመቀመጫ ቀበቶን የሚይዝ ማንኛውንም ክፍል በቤት ውስጥ መሥራትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ካርቦን እንደ ብረት ተጣሞ አያስጠነቅቅም፣ በድንገት ይሰበራል፤ የውስጡን ጉድለት የምናይበት መሣሪያም የለንም። ኮፈኑም ቢሆን በግጭት ጊዜ እንደ ላሜራው በታሰበለት ቦታ ስለማይታጠፍ ከፊት በኩል ሁለት ተጨማሪ መቆለፊያዎች ሊደረጉለት ይገባል። አሉሚኒየም ከካርቦን ጋር በቀጥታ ሲነካካ እርጥበት ባለበት ስለሚበላ በመካከላቸው አንድ ንብርብር ፋይበር ግላስ ማስገባት ይበቃል። በመጨረሻም ኢፖክሲን ፀሐይ ስለሚያጠወልገው የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለው ግልጽ ቀለም መቀባት፣ ቀለሙ ማደብዘዝ ሲጀምርም ወደ ጨርቁ ሳይደርስ በስሱ አሽቶ መድገም ያስፈልጋል።