«ሺ ዎር ኦክስጅን»

ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ ነው። ኃላፊዋ ነርስ ከታች ደውላ 12 ቁጥር ያሉት እናት እንዴት እንደሆኑ ጠየቀችኝ። በራቸው ላይ ቆሜ እያየኋቸው ነው። ኦክስጅናቸውን አድርገዋል፤ ተኝተዋል። እኔም ኮራ ብዬ «ሺ ዎር ኦክስጅን፣ ሺ ስሌፕት» አልኳት።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እያለከለከች ደረሰች። ለካ እሷ የገባት «አድርገው ነበር፣ አሁን ግን የለም» ነው። ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ነው፣ እሳቸው እያንኮራፉ ነው። እኔ ግን መግቢያ አጣሁ።

ቤት ገብቼ ሳስበው ጉዱ ያለው አማርኛዬ ላይ ነው። እኛ «ለብሷል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ተኝቷል»፣ «ይዟል» ስንል ድርጊቱ አልቋል፣ ሁኔታው ግን አሁንም አለ። ፈረንጅ እዚህ ጋ ግሱ መጨረሻ ላይ አይኤንጂ (-ing) ያመጣል፦ ሂ ኢዝ ዌሪንግ፣ ሂ ኢዝ ሲቲንግ፣ ሂ ኢዝ ስሊፒንግ። «እየለበሰ ነው» ካልን ደግሞ ገና አንድ እጁን ነው ያስገባው። ያ «ሂ ኢዝ ጌቲንግ ድሬስድ» ነው።

ስልክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። «እየሰማሁሽ ነው» ለማለት «አይ አም ሂሪንግ ዩ» እንላለን። እነሱ «አይ ካን ሂር ዩ» ነው የሚሉት። «ገብቶኛል» ደግሞ አፋችን ላይ «አይ አንደርስቱድ» ይሆናል፤ «አይ አንደርስታንድ» መሆን ሲገባው።

9ኛ ክፍል መምህራችን ሰሌዳ ላይ ኖው፣ ዋንት፣ ኒድ፣ ቢሎንግ ብለው ደረደሩና «እነዚህ አይኤንጂ አይወዱም» አሉን። ስቴቲቭ ቨርብ፣ ማለትም ድርጊት ሳይሆን ሁኔታ የሚናገር ግስ፣ ያ ነው። ሸመደድን፣ ፈተናውንም አለፍን። አንዳንዱ ግስ ሁለት መልክ እንዳለው ግን እዚህ መጥቼ ነው የነቃሁት። ወተቱ «ስሜልስ»፤ ይሸታል። እኔ ግን «አም ስሜሊንግ»፤ እያሸተትኩ ነው። ሾርባው «ቴስትስ ጉድ»፤ ይጣፍጣል። ሠሪዋ «ኢዝ ቴስቲንግ»፤ እየቀመሰች ነው። አማርኛ ለየብቻ ቃል ስላለው፣ ግራ ሲገባኝ መጀመሪያ በአማርኛ እላትና እመለሳለሁ።

ልጄ ይህን ሳስረዳው «እማ፣ ማክዶናልድስ ግን አይም ላቪን ኢት ይላል» አለኝ። ይላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ። እሱ «እወደዋለሁ» ሳይሆን «አሁን እያጣጣምኩት ነው» ነው። ማስታወቂያ ስለሆነ ይፈቀድለታል። አንተ ፈተና ላይ እንዳትሞክራት አልኩት።

ከሁሉም የምወዳት «ቢዪንግ»ን ነው። «ሂ ኢዝ ዲፊካልት» ካልሽ ሰውየው አስቸጋሪ ነው፣ ጠባዩ ነው። «ሂ ኢዝ ቢዪንግ ዲፊካልት» ካልሽ ግን አሁን እያስቸገረ ነው። ባለፈው አንድ አባት መድኃኒቱን ከነትሪው ገፉብኝ። ሪፖርቱ ላይ «ሂ ዋዝ ዲፊካልት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ተመልሼ መሃሏ ላይ «ቢዪንግ» ጨመርኩ። ጠዋት ፈረቃውን የተረከበችኝ ልጅ አነበበችና «ማታ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

ልጃቸው እመጣለሁ ብላ ሳትመጣ ቀርታ ነው።