ጋሼ ደግመው ደወሉ

ሰኔ 2003 ዓ.ም. ነው። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ዜና ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስገባ ቤቱ ተተራምሷል። ሌሊቱን ከአፋር ድንበር ማዶ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። መጀመሪያ «ዱቢ የሚባለው ተራራ ነው» ተባለ፤ ኋላ ጎረቤቱ ናብሮ ሆኖ ተገኘ። አመዱ በረራ እያስተጓጎለ ነው። አዲስ አበባ የነበሩት የያኔዋ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን እንኳ ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄዱ።

በማግስቱ የማብራሪያው አንቀጽ ለእኔ ደረሰኝ። ተራራው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እየተፋ ነው። ድኝ ሲቃጠል አፍንጫ የሚሰነፍጠው ጋዝ ማለት ነው። ሰዓት የለም። ጋዝ ነው፣ ከጢስ ጋር ወጥቷል፣ ስሙም እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ «ዳይኦክሳይድ» ይላል። ሌላ ምን ይሆናል? «የዓለምን ሙቀት የሚያባብስ» ብዬ ጨመርኩበት። ኤዲተሩም አሳለፈው።

ዜናው ተነቦ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው።

«ልጄ፣ አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ገለበጥከው እኮ!»

ቁጣ የለባቸውም፤ እንደ ክፍል ተማሪ አስረዱኝ። ጋዙ ስትራቶስፌር ድረስ፣ ማለትም ዝናብ ከሚፈጠርበት በላይ እስካለው የአየር ንብርብር፣ ከወጣ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ደቃቅ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይሆናል። ጠብታዎቹ የፀሐይን ብርሃን ከፊሉን ወደ ጠፈር ይመልሱታል። ያን ያህል ከፍታ ላይ አጥቦ የሚያወርዳቸው ዝናብ ስለሌለ ዓመት ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ፊሊፒንስ ያለው ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈነዳ ከዚሁ ጋዝ 15 ሚሊዮን ቶን ገደማ ረጨ። በቀጣዩ ዓመት የምድር አማካይ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ወረደ።

አፍሬ ወዲያው እርማት ጻፍኩ። ስቸኩል ደግሞ «ናብሮ ምድርን ሊያቀዘቅዝ ነው» አልኩ።

ጋሼ ደግመው ደወሉ። አሁን እየሳቁ ነው።

«ከድጡ ወደ ማጡ! ስንት ቶን ወጣ? ስንት ኪሎ ሜትር ከፍ አለ? ጠይቀሃል?»

አልጠየቅኩም። ዝቅ ብሎ የቀረው ጋዝ በቀናት ውስጥ በዝናብ ይታጠባል፤ እስከዚያ የሰውና የከብት ሳንባ ይጎዳል እንጂ ለዓለም ሙቀት እምብዛም ነው። በኋላ ሲለካ የናብሮ ጋዝ የፒናቱቦን አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። ያም ቢሆን ከፒናቱቦ ወዲህ ስትራቶስፌር ውስጥ ከታዩት ትልልቅ የሰልፌት (የእነዚያ የአሲድ ጠብታዎች) ደመናዎች አንዱ ሆነ። ግን ጋቢ የሚያስደርብ አልነበረም።

ሦስተኛውን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት በስልክ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ አረሙኝ።

ወሬው ቢሮውን አዳርሶ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሻይ የምታመጣልን ልጅ ስኒውን እያስቀመጠች፣

«ይሄም ብርድ ከአንተ ተራራ ነው?» ትለኛለች።

«የሐምሌ ነው» እላታለሁ።